ጣፊያ ቁጥር አርባ አንድ

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በእጄ ካለፉት ጣፊያዎች ሁሉ እንደ ቁጥር አርባ አንድ ያማረ አላየሁም። ይህን የምለው ማንንም ለማሳቀቅ አይደለም፤ እውነቴን ነው። መልኩ ወይን ጠጅ፣ ገላው ለስላሳ፣ አንድ ጎኑ ላይ ብቻ የተተረተረ ነበር። «ዛሬስ ቀንቶናል!» ብዬ አብራኝ የምትሠራውን ዶክተር ጮክ ብዬ ጠራኋት። ጣፊያው የወንድሜ መሆኑን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነው።

የምሠራው ሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። ሐኪሞቹ ከላይ ያወጡትን እኔ ከታች እቆራርጣለሁ። ሥጋውን ሰም ውስጥ አደርቀዋለሁ፣ በማሽን ከሲጋራ ወረቀት አሳስቼ እልጠዋለሁ፣ ጣት በምታህል ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ አስተኝቼ ቀለም አጠጣዋለሁ፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ ሴል ስቆጥር እውላለሁ። ባልደረቦቼ «ምላጭ» ይሉኛል። ግማሹ ስለ ሥራዬ ነው። ግማሹ ስለ ምላሴ ነው፣ እሱንም አልክድም።

ጤነኛ ጣፊያ ማግኘት ቀላል አይምሰላችሁ። ወደ እኛ የሚመጣው አብዛኛው በበሽታ ያበጠ፣ የጠቆረ፣ ለምንም የማይሆን ነው። ጤነኛው የሚመጣው ጤነኛ ሰው መኪና ሲገጨው ወይም ከፎቅ ሲወድቅ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ምድር ቤት ደስ ያለን ቀን፣ ከላይ አንድ ቤተሰብ ሲላቀስ የዋለበት ቀን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ይከብደኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት፤ ሰው የማይለምደው ነገር የለም መሰለኝ።

ዶክተሯ የምትመራመረው ጀርም የሚይዘው አንቲቦዲ የተባለ የሰውነት መከላከያ ጣፊያ ውስጥ እንዴት እንደሚመረት ነው። በዕድሜ ታናሼ ናት፣ ቁርሷን ሳትበላ የምትመጣ፣ ስለ ሴል ስታወራ ጎረቤቶቿን የምታማ የምትመስል ሴት። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉ አሉ። ትምህርት ቤት የተማርነው ስለነሱ እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፦ ባክቴሪያ ባዩበት ይሮጣሉ፣ ይውጣሉ፣ ብዙ ሳይቆዩ ይሞታሉ። አንቲቦዲ ማምረት የሌሎች፣ ቢ ሴል የሚባሉት ሥራ ነው ተብለን ነበር። «እስቲ እዚህ ጋ ተመልከቺ» አለችኝ አንድ ቀን። ጣፊያ ውስጥ ደም ዝግ ብሎ የሚያልፍበት ጠርዝ አለ። እዚያ ጠርዝ ላይ ኒውትሮፊሎቹ አይሮጡም። ቢ ሴሎቹ አጠገብ ሰፍረው «ተነሱ፣ ሥሩ» የሚል መልእክት ይልኩላቸዋል። ቢ ሴሎቹም አንቲቦዲውን ያመርታሉ፤ በተለይ ወፍራም ካባ ደርበው ከሌላው ጥበቃ ሾልከው የሚያልፉትን ባክቴሪያዎች የሚይዘውን። ጣፊያ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ያጣል። ዝም ብሎ ሲታይ ምንም አይልም፣ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። እንደነዚያ ያለ አንድ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ የገባ ዕለት ግን ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

እኔ ኒውትሮፊሎቹን ቡናማ፣ ቢ ሴሎቹን ቀይ አድርጌ እቀባለሁ። ቁጥር አርባ አንድ ላይ ቡናማዎቹ በቀዮቹ ዙሪያ ግጥም ብለው ሰፍረው ነበር። «እንዴት ያላችሁ ጎበዞች ናችሁ!» አልኳቸው። ሴል አናግራለሁ፤ የሚሰማኝ እስከሌለ ድረስ ምን ቸገረኝ።

አሁን ስለ ስሙ ልናገር። የናሙናው ባለቤት ማን እንደሆነ እኛ ማወቅ የለብንም፤ የምርምሩ ደንብ ነው። ናሙና ከፎቅ ሲወርድ በላስቲክ ከረጢት ከነወረቀቱ ይመጣል። የመጀመሪያው ሥራዬ ጥቁር ፕላስተር ቆርጬ ስሙ ላይ መለጠፍ ነው። ይህን የማደርገው ዓይኔን ወደ ግድግዳው መልሼ ነበር። ዕድሜና ጾታ አያለሁ፣ የወጣበትን ምክንያት አያለሁ፣ ስም አላይም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ስም አላነበብኩም ብዬ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ እኩራራ ነበር። በቁጥር አርባ አንድ ወረቀት ላይ «ወንድ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ የሞተር ሳይክል አደጋ» ይላል። ከነጩ ወረቀት ጀርባ አንድ ሮዝ ወረቀት በስቴፕለር ተያይዟል። በዚያ ሰሞን ሮዝ ወረቀት ሲመጣ አይቼ ነበር። አዲስ ፎርም መሰለኝ። ላይኛው ፎቅ ያሉት በየጊዜው ፎርም ይቀይራሉ፣ ምድር ቤት ላለ ሰው የሚነግር የለም። እሱንም ስሙ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሳላነብ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ወንድሜን እናታችን «ፌንጣ» ብላዋለች። አባታችን ሲሞት እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፤ አዝዬ ነው ያሳደግሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ሲያድግም አንድ ቦታ አላርፍ አለ። የመኪና መለዋወጫ በሞተር ሳይክል የሚያደርስ ሥራ ያዘ። እማዬ ሞተሩ ድምፅ ሲያሰማ ልቧ እየተሰነጠቀ ስታስቸግረው፣ በመጨረሻ «ይቅርብኝ፣ እሸጠዋለሁ» ብሎ ማለላት። ብዙም ሳይቆይ ደውሎ «ለሥራ ክፍለ አገር ልሄድ ነው» አለና ለአንድ ወር ጠፋ። ሲመለስ ከስቷል፣ ሞተሩ ግን የለም። «ሸጥኩት» አለ። እማዬ አገላብጣ ሳመችው። እኔ ደግሞ አበላሉ ላይ ተቆጣሁት፣ ክፍለ አገር ምግብ የለም ወይ ብዬ። ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን በእጁ ይዞ እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ሦስት ወር ምንም አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት እማዬ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ።

«ፌንጣ ብርድ ብርድ ብሎታል። ትንሽም አስመለሰው።»

«ጉንፋን ነዋ፣ እማዬ። ሁለት ፓራሲታሞል ስጪውና ይተኛ።»

«ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ብርድ ልብስ ደርቢለት። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ እላለሁ፣ አሁን የምቆጥረው አለኝ።»

የምቆጥረው ያው የአርባ አንድን ነበር። ዶክተሯ ጽሑፏን ልትልክ ነው፣ ቁጥሩ ይጣራልኝ ብላለች። እኔም እስከ ምሳ አቀርቅሬ የወንድሜን ኒውትሮፊሎች ቆጠርኩ። በአንድ እይታ ሠላሳ ሦስት፣ በሌላው ሠላሳ አንድ። እሱ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ሥር እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ስደርስ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እግሩ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጥቷል፣ በጣቴ ስጫነው አይጠፋም። ያ ነጠብጣብ ደም ሲመረዝ የሚወጣ መሆኑን በመጽሐፍ አውቃለሁ። ተሸክመን ታክሲ ውስጥ ከተትነው። እማዬ ብርድ ልብሱን ይዛ ገባች፣ መንገዱን ሙሉ አንገቱ ሥር ታስገባለት ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ተረኛ ሐኪም ሸሚዙን ገለጠ። ከደረቱ ሥር እስከ እምብርቱ የሚወርድ ጠባሳ አለ፣ ገና ሮዝ የሆነ። ሐኪሙ ጥያቄውን ሳይጀምር እኔ ገብቶኝ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እታለም፣ አትቆጪኝ።»

«ምንድን ነው አልኩህ!»

«በሞተር ወደቅሁ። ጣፊያህ ተበጥሷል ብለው አወጡት። እዚሁ ሆስፒታል ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺን በመስኮት አይሽ ነበር። ምሳሽን እየሄድሽ ስትበዪ። መጋረጃ ጀርባ ተደበቅሁ። ለእማዬ ምዬላት ስለነበር።»

«መቼ ነው?»

ቀኑን ነገረኝ። በዚያ ሳምንት በሞተር አደጋ የመጣ ጣፊያ አንድ ብቻ ነው። በእጄ ስመዝነው ራሱ ትዝ ይለኛል።

«ክትባት ተወጋህ? መድኃኒትስ ሰጥተውህ ነበር?»

«ወረቀት አለ አሉኝ። ወረቀቱን ይዘህ ና፣ ያለ ወረቀቱ እንዳትመጣ አሉኝ። ስወጣ ስጠይቅ ከፋይልህ ጋር ሄዷል አሉ። ከፋይሌ ጋር ወዴት እንደሄደ እኔ አላውቅም። ደህና ነበርኩ እኮ፣ እታለም፤ ምንም አላመመኝም።»

ይህን ሲል ራሱን ይከላከል ነበር፣ እንደ ልጅነቱ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱት። ሐኪሙ መድኃኒቱን በደም ሥሩ እየሰጡት መሆኑን ነገረኝ፣ ከዚያ ደረት ኪሴ ላይ ያለውን መታወቂያ አይቶ አነጋገሩን ቀየረ። ለእማዬ የሚነግራትን ማጽናኛ ለኔ መናገር አላስፈለገውም። «ጠዋት ቢመጣ ኖሮ» አለና ቃሉን ተወው። ጠዋት ምን እየሠራሁ እንደነበር አልነገርኩትም።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ዶክተሯ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ሳጥኑን አወረድኩ። አርባ አንድን አወጣሁ። ነጩን ወረቀት ትቼ ሮዙን ገለበጥኩና ፕላስተሩን በጥፍሬ መላጥ ጀመርኩ። ከኋላዬ «ኧረ ደንቡ!» አለች። «ደንቡ ገደል ይግባ» አልኳት። ፕላስተሩ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ተነሣ፣ ስሙ ግን ይነበባል። የአባታችን ስም ከሥሩ አለ።

ከዚያ የቀረውን አነበብኩ፦

«ጣፊያዎ ወጥቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህን ወረቀት ይዘው ለክትባት ይምጡ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማዎት ቤት አይቆዩ፤ ከጀርባ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ወዲያው ውጠው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።» ከታች ደግሞ በትልቁ፦ «በሕመምተኛው እጅ ይሰጥ።»

አራት ወር ሙሉ ከወንበሬ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። ላይ ያለችው ነርስ ወረቀቶቹን በስቴፕለር አንድ ላይ መትታ ላከች፤ ናሙና የሚያወርደው ሽማግሌ ተላላኪ የተሰጠውን አመጣ፤ እኔ ሸፈንኩት። ማንም ክፉ ሥራ አልሠራም። ሁላችንም ደንባችንን ነው የጠበቅነው፣ እኔማ ከሁሉም በላይ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አነበበችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሳጥኑ ውስጥ ሌሎች ስድስት ሮዝ ወረቀቶች ነበሩ። እየተፈራረቅን ላጥናቸው፣ ስልክ ደወልን። ሦስቱ አነሡ፣ ዛሬውኑ ኑ አልናቸው። ሁለቱ አያነሡም። የአንዱን ስልክ ሚስቱ አነሣች፤ «እሱማ ሞቷል፣ ማን ልበል?» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት ዘጋሁት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ በዚህም አፍራለሁ።

ፌንጣ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሞተ። ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ሲያሸልብ እማዬ እግሩን ይዛ ነበር፣ እኔ ራስጌው ቆሜ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይ ነበር። ቁጥር ማየት ለምዶብኝ ነው መሰለኝ፣ ፊቱን ሳላይ አመለጠኝ።

እማዬ አላለቀሰችም መጀመሪያ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አፈንኩት። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ብርድ ልብስ ደርቤ አፈንኩት።»

«አይደለም፣ እማዬ።»

«በጠዋቱ ይዤው ብመጣ ኖሮ። እናት ነኝ ብዬ፣ ልብ አላልኩም።»

ብርድ ልብስ ደርቢለት ያልኳት እኔ መሆኔን እንኳ ረስታዋለች። ወይም አልረሳችም፣ ለኔ ስትል ነው። ቤት እንደገባን ብርድ ልብሱን በሩ ሥር ወለሉ ላይ ጣለችው፣ ማንም አያንሣው አለች። ቤቱ ይበርዳል። ነጠላ ቀሚስ ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ምንም አልደርብም አለች። ጎረቤት ለመናት፣ እኔ ለመንኳት። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

በሁለተኛው ቀን፣ ከቀብር በፊት፣ ጠራችኝ።

«ያወጡበት ነገር አለ አልሽ። እሱ የት ነው?»

«ጣፊያው ነው፣ እማዬ።»

«አምጪልኝ። ልጄ ጎድሎ አይገባም።»

የተረፈው ሥጋ ሦስት ወር ሲሞላው ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። የአርባ አንድን ፈርሜ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ወር። የቀረው ብርጭቆ ላይ የተጋደመው ስስ ልጣጭ ብቻ ነው። ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ አልነበረችም፣ ብትኖርም አልጠይቃትም። ካሉት ሁሉ ለጽሑፉ ሥዕል ብላ የመረጠችውን፣ ከሁሉ የጠራውን ብርጭቆ አወጣሁ። በመሐረብ ጠቀለልኩት። ሮዙን ወረቀትም ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱን ለምን እንደወሰድኩ መንገድ ላይ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ዝም ብል እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ብርድ ልብስ ስትረግም ትኖራለች። መናገሩ እሷን ያድናታል። እኔን ምን እንደሚያደርገኝም አውቄዋለሁ።

ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አነሣችው። የጥፍር ያህል ቀይና ቡናማ እድፍ ታያት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«የቀረውስ?»

«ተቃጥሏል። ፈርሜ የላክሁት እኔ ነኝ፣ የማን እንደሆነ ሳላውቅ።»

«ምን ይሠራለት ነበር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም። «ቀዮቹ በሽታውን የሚይዝ ነገር ይሠራሉ። ቡናማዎቹ አጠገባቸው ሆነው ይረዷቸዋል። የሱ ብዙ ነበሩ፣ እማዬ። ጎበዞች ነበሩ።»

ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁና እያንዳንዱን ቃል አነበብኩላት። «ቤት አይቆዩ» የሚለው ላይ ተሳሳትኩና እንደገና ጀመርኩት። «በሕመምተኛው እጅ ይሰጥ» የሚለውንም አልዘለልኩም።

«ማን ጋ ነበር?» አለች።

«እኔ ጋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጣፊያው ከወጣ ጀምሮ። ሳላነብ አስቀመጥኩት። ስሙን በእጄ ሸፈንኩት።» ከዚያ የመጨረሻውን አልኩ። «የገደለው ብርድ ልብሱ አይደለም፣ እማዬ። አንቺ አይደለሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስታየኝ የማውቀው አስተያየት አልነበረም፤ አድራሻ የጠፋባት ሰው በር የከፈተላትን እንግዳ እንደምታይ ነው ያየችኝ። ብርጭቆውን በመሐረቡ መልሳ ጠቀለለችና ጡቷ ሥር ከተተችው።

«ጣፊያውም አንቺ ጋ ነበር» አለች። «ወረቀቱም አንቺ ጋ ነበር። ታዲያ እኔ ቤት ምኑ ነበር የኖረው?»

ተነሣች፣ እኔን በጎን አልፋ በሩ ሥር ሄደች። ብርድ ልብሱን ከወለሉ አነሣችው። አራገፈችው፣ ተከናነበችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። መንቀጥቀጧ ቀስ በቀስ ተወት አደረጋት። እኔ ሮዙን ወረቀት ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።